በቀን አራት ረድፍ

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ በነበሩት 15 ወራት ውስጥ 48 ትንንሽ የዳንቴል ካሬዎች ሠራች። ከነሱ አንድ ብርድ ልብስ ወጣ። የምጽፈው የዚያን ብርድ ልብስ ጉዳይ ነው። ስሟን አልጠራም። ጽሑፉን ግን ቀድማ አንብባዋለች፣ «ይቺን ጨምሪ፣ ይቺን ተያት» ብላ አርማኛለች፣ ማስታወሻ ደብተሯንም አውሳኛለች። ደብተሩ ባይኖር ለመጻፍም አልደፍርም ነበር፤ እኔ የማስታውሰውና እሱ ላይ የሰፈረው ብዙ ቦታ ላይ አይገጥምም። እኔ ወር ሳይሞላት የጀመረች ይመስለኝ ነበር፣ ደብተሩ 7ኛው ሳምንት ይላል።

ሰው አዲስ እናት ሲያይ «እጅሽን በአንድ ነገር አስይዢ፣ ያጫውትሻል» ማለት ይቀለዋል። እኔም ብያለሁ። ምን ዓይነት ሥራ፣ ምን ያህል፣ በየትኛው ሰዓት ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እህቴ ላይ ያየሁት ይህን ነው፦ ያው እጅ፣ ያው የመሥራት ፍላጎት፣ በአንድ መልኩ ሲመጣ አስለቀሳት፣ በሌላ መልኩ ሲመጣ ቀኗን ያዘላት። ልዩነቱ ሥራው በማንኛውም ሰከንድ ጥለውት የሚነሱት መሆን አለመሆኑ ላይ ነበር።

ከመውለዷ በፊት

እህቴ የስፌት ሰው ናት። የምትውለው ቢሮ ነው፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት መቀስ ካነሳች እሑድ ማታ ነው የምታስቀምጠው። ጨርቁን ወለል ላይ ዘርግታ፣ እስፒሉን በከንፈሯ ይዛ ስትሠራ ማንም እንዲያናግራት አትፈልግም። ነፍሰ ጡር እያለች ለልጇ ስድስት ቀሚስ ቆርጣ፣ በእስፒል አያይዛ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች። «ወሊድ ፈቃድ ላይ ነው የምሰፋው፣ ያኔ ጊዜ አለኝ» አለችኝ። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ልነግራት ይገባ ነበር። ደስታዋን የማበላሽ መስሎኝ ዝም አልኩ።

አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ሊተኛ ይችላል። እህቴም ይህን አንብባ ሂሳቧን ሠርታለች። ያላሰበችው እንቅልፉ ተቆራርጦ የሚመጣ መሆኑን ነው። ጡት የሚጠባ ጨቅላ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፣ ከዚያ ማስገሳቱ አለ፣ ዳይፐሩ አለ፣ መልሶ ማስተኛቱ አለ። የሚተርፈው ሲደመር ብዙ ሰዓት ይመስላል፣ ሲኖሩት ግን እዚህ 20 ደቂቃ፣ እዚያ 40 ደቂቃ ነው፣ መቼ እንደሚያልቅም አይታወቅም።

ስፌት ደግሞ ቁርጥራጭ ጊዜ አይወድም። ጠረጴዛውን ማጽዳት፣ ክሩን ማስገባት፣ መብራቱን ማስተካከል፣ የት እንዳቆሙ ማስታወስ፣ ይሄ ሁሉ አንዲት ስፌት ሳይሰፋ ነው። መኪናው ይጮሃል። ወልዳ ለተሰፋች ሴት ደግሞ ደረቅ ወንበር ላይ ቁጭ ማለቱ ራሱ ፈተና ነው። እስፒልና መቀስም ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሕፃን አቅፎ መመለስ አይቻልም።

3ኛው ሳምንት ላይ ሞከረች። እኔ ቤቷ ነበርኩ። ልጅቷ ተኛች፣ እህቴ መኪናውን ከፈተች፣ አንዲት ትንሽ እጅጌ አነሳች። መርፌው ውስጥ ክሩን ልታስገባ ሁለት ጊዜ ሳተች፣ በሦስተኛው ገባላት፣ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ለቅሶው ተሰማ። ተነሳች። የተመለሰችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ዓይኗ እንቅልፍ ብቻ ነበር፣ እጅጌውን ገልብጣ ሰፋችው። ስታየው ምንም አላለችም። የመኪናውን ክዳን ቀስ ብላ ከደነችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።

«እታለም፣ እኔ እኮ አበቃሁ» አለችኝ። እኔ «ምን አበቃሽ፣ አንዲት እጅጌ ናት» አልኳት። ትክክለኛው መልስ ይሄ እንዳልነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ስለ እጅጌ አልነበረም የምታወራው።

የነበረችበት ሁኔታ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድ መባስ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ የአብዛኞቹ እናቶች ነገር ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። የእህቴ አልለቀቀም። በ5ኛው ሳምንት ልጅቷ ተኝታ እንኳን እሷ መተኛት አቃታት። በ6ኛው ሳምንት ለክትትል ስትሄድ ባለሙያዋ የኤድንበራ መለኪያ የሚባለውን መጠይቅ አስሞላቻት። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድኅረ ወሊድ ድባቴን ለመለየት የሚያገለግል ነው፣ 10 ጥያቄ አለው፣ ስላለፉት 7 ቀናት ይጠይቃል፣ ከ30 ነው የሚታሰበው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ምልክቱ በርትቷል ማለት ነው። የእሷ 12 መጣ። ባለሙያዋ ነገሩን ቀለል አድርጋ አላለፈችውም። በየሳምንቱ የምክር ቀጠሮ ያዘችላት፣ ባለቤቷንም ጠርታ ሌሊቱን እንዲከፋፈሉ ነገረችው።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው በምክንያት ነው። ዳንቴል ድባቴን አያድንም። እንዲህ ሆና «ኪሮሽ አንሺ፣ ይተውሻል» የምትባል እናት ካለች ጊዜዋን እያባከኑባት ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ። የእህቴ ክር የገባው ከሕክምናው ጎን ነው፣ በሕክምናው ቦታ አይደለም።

ለባለሙያዋ የነገረቻት አንድ ነገር ደብተሩ ላይ አለ። «ቀኑን ሙሉ ስሠራ እውላለሁ፣ ማታ ሳየው ግን የሠራሁት የለም።» ያጠበችው ይቆሽሻል፣ ያበላቻት ይርባታል፣ ያስተኛቻት ትነቃለች። ልጅ ማሳደግ በነዚያ ወራት ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ሥራ ነው፣ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችውን ስታይ የኖረች ሰው ናት። ቀሚስ ሲያልቅ ይሰቀላል። ባለሙያዋ ይህን ሰምታ «በቀን አንድ ትንሽ፣ ሳይፈርስ የሚያድር ነገር ብትኖርሽ ምን ትሆን ነበር?» አለቻት። ለድባቴ ከሚሰጡት የታወቁ የሕክምና መንገዶች አንዱ እንዲህ ትንሽና የሚቻል ነገርን በፕሮግራም ማስገባት ነው። እህቴ ይህን ይዛ ወደኔ መጣች።

ሁለተኛው ስህተት

ይህ ስህተት የኔ ነው። ሁለት የሹራብ መርፌና ለስላሳ ክር ይዤላት ሄድኩ። ሹራብ ጸጥ ያለ ነው፣ ሶፋ ላይ ይሠራል፣ ስለዚህ ይሆናል አልኩ። ንድፉ ቅጠል ነበረው፣ በየረድፉ መቁጠር ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ስትነቃ መርፌውን ጥላ ተነሳች፣ ከመርፌው ላይ ወደ አሥር ቀለበት ሾልኮ ወደ ታች ተተረተረ። ሹራብ ላይ ቀለበቶቹ ሁሉ ክፍት ሆነው መርፌው ላይ ነው የሚቆዩት፣ አንዷ ካመለጠች እንደ መሰላል እየፈታች ትወርዳለች። እህቴ ያንን ልትለቅም 50 ደቂቃ ፈጀች። ልትተኛበት የምትችል 50 ደቂቃ።

እማዬ ናት ያስተካከለችው። አጠገባችን ተቀምጣ ስታየን ቆየችና «ልጄ፣ ኪሮሽ ስጧት እንጂ» አለች።

ልዩነቱ ገራሚ ነው። በኪሮሽ ሲሠራ በማንኛውም ሰዓት ክፍት ሆና የምትቆየው አንዲት ቀለበት ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ የተዘጋ ነው። ልጅ ሲያለቅስ ያቺን አንድ ቀለበት ሳብ አድርጎ የጣት ያህል ማስረዘም፣ ኪሮሹን ማውጣት፣ መነሳት። ሲመለሱ ክሩን ጎተት፣ ቀለበቷ ትጠባለች፣ መቀጠል። በቃ። ብትፈታ እንኳን የምትፈታው ሁለት ሦስት ጥልፍ ነው። እህቴ በመጀመሪያ ቀለበቷን በመርፌ ቁልፍ ትይዛት ነበር፣ አንድ ጠዋት ግን ቁልፉን ልጅቷን በምታጠባበት ወንበር ላይ ተከፍቶ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ማስረዘም ብቻ።

የሥራው አሠራር

የወሰነችው እንዲህ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ፣ የጥጥ ክር፣ አንድ ዓይነት ጥልፍ። 20 ሰንሰለትና አንድ መታጠፊያ ይጀመራል፣ ከዚያ በአጭሩ ጥልፍ ወዲያና ወዲህ 24 ረድፍ። ሲያልቅ በየጎኑ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ካሬ ይወጣል። በቀን አራት ረድፍ። በስድስት ቀን አንድ ካሬ፣ ሰባተኛው ቀን ያመለጠው ይካካስበታል ወይም ይታረፍበታል። አራት ረድፍ ለጀማሪ እጅ ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ወደ አምስት ደቂቃ ወርዶላታል።

ንድፍ የለም። ቁጥሩ 20 ብቻ ስለሆነ ከጠፋባት ያለፈውን ረድፍ ቆጥራ ታገኘዋለች። ጥጥ የተመረጠው ስለሚታጠብና እንደ ሞሄር፣ እንደ ፍየል ፀጉሩ ክር፣ ፀጉሩ ስለማይረግፍ ነው፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ቀለሙን ግን ነፃ ተወችው። እዚያ ላይ ነው የመፍጠር ነገሯ የገባው። ሰባት ቀለም ገዛችና የየሳምንቱን ቀለም የምትመርጠው ሳምንቱ ካለቀ በኋላ፣ ያለፈውን አስባ ሆነ። 9ኛው ሳምንት ግራጫ ነው። ልጅቷ ከድምፅ ጋር የሳቀችበት ሳምንት ብርቱካናማ። አንድ ቀን ቀለም መርጣ፣ ሐሳቧን ቀይራ፣ እንደገና መርጣ ስትቀመጥ አየኋት፣ ያን ያህል ስታመነታ ካየኋት ቆይቶ ነበርና ደስ አለኝ። ማመንታት የምትወደው ነገር ያላት ሰው ነገር ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ውሃ ልጠጣ ተነስቼ አየኋት። ልጅቷ ጠብታ ደረቷ ላይ ተኝታለች፣ ገና አልጋ ላይ የምታስቀምጣት ጊዜ አልደረሰም፣ ትንሽ መጠበቅ አለባት፣ አለዚያ ትነቃለች። የግድግዳው መብራት ደብዝዟል። እህቴ በግራ ክንዷ ልጅቷን አቅፋ፣ ክሩን ከትራሱ ጎን አድርጋ፣ እያየች ሳይሆን እየዳሰሰች ነው የምትሠራው። ኪሮሹ ይገባል፣ ክር ይይዛል፣ ይወጣል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትቆጥር መስሎኝ ነበር፣ ጠጋ ስል ለልጅቷ ነው የምታወራው። «አሥራ ሁለት፣ እማምዬ፣ አሥራ ሦስት፣ ቆንጆዬ።» ረድፉን ጨርሳ ኪሮሹን ጠንካራ መነጽር መያዣ ውስጥ ከታ ዘጋችው። ልጅ ያቀፈ ሰው ሹል ነገር በእጁ ይዞ እንቅልፍ ሊወስደው አይገባም፣ ይህንን ራሷ ያወጣችው ሕግ ነው፦ ዓይኗ ከከበደ ረድፉ መሃል ላይ ቢሆንም ይቆማል። ከልጅ ጋር ሶፋ ላይ እንቅልፍ መውሰድ ለሕፃኑ አደገኛ መሆኑን ባለሙያዋ ደጋግማ ስለነገረቻት ሰዓቱን የሚጠብቀው ባለቤቷ ነበር።

ባለቤቷ

እሱን ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም አዲስ ወላጅ ሲባል ሁሌ እናት ብቻ ናት የምትነሳው። በመጀመሪያው ወር ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ነበር። ዳይፐር ይቀይራል፣ ያጥባል፣ ከዚያ ቆሞ ያያል። አራስ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን፣ ማለትም የሚያጠባውን ሰው ፊት ያህል ርቀት እንደሆነና ጎልቶ የሚታየው ጥቁርና ነጭ እንደሆነ ሲነገረው ካርቶን አመጣ። ነጭ ካርቶን ላይ ጥቁር ክብ፣ ጥቁር መስመር፣ የዳማ ሰሌዳ እየሣለ አሥራ አንድ ካርድ ሠራ። ማታ ማታ ልጅቷን ጭኑ ላይ አጋድሞ አንድ በአንድ ያሳያታል። በ8ኛው ሳምንት አንዱን ካርድ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ሲወስደው በዓይኗ ተከተለችው። ሌሊቱን ስልክ ደውሎ ነው የነገረኝ። ያ ሰው እጁ የሚሠራው ነገር ስላገኘ ልጁን ቀረባት፣ እኔ እንደዛ ነው ያየሁት።

የእጅ አንጓው

በ4ኛው ወር ደብተሩ ላይ «አውራ ጣቴ» የሚል ቃል ይጀምራል። በአውራ ጣቷ በኩል የእጅ አንጓዋ ያማታል፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት አቃታት። ደ ኬርቫን ይባላል፣ ስሙን ያገኘው በ1895 እ.ኤ.አ. ከጻፈበት ስዊዘርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች በአንጓው ላይ የሚያልፉበት ጠባብ መሹለኪያ ሲያብጥና ሲጠብ የሚመጣ ሕመም ነው። አዲስ እናቶች ላይ የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም ልጅ ስናነሳ አውራ ጣታችንን ከፍተን ብብቷ ሥር እየከተትን ነው የምናነሳት፣ በቀን ስንት ጊዜ።

ዳንቴሉ ብቻውን ያመጣው አይመስለኝም፣ ግን አባብሶታል፣ ቀጭን ኪሮሽ ጨብጦ መያዝ ያንኑ ጣት ነው የሚያደክመው። ሦስት ሳምንት አቆመች። ፊዚዮቴራፒስቱ አውራ ጣቷን የሚይዝ የእጅ መደገፊያ ሰጣት፣ ልጅቷን በመዳፍ ከሥር አፍሳ እንድታነሳት አሳያት፣ አንዱ እጅ መቀመጫዋ ሥር፣ አንዱ ጀርባዋ ሥር። ስትመለስ እጀታው ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ኪሮሽ ይዛ ነው። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ግን ፈርቼላት ነበር። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ተናደደች፣ ከዚያ ባለቤቷ «አንቺ ቀለም ምረጪ፣ እኔ ልሞክር» ብሎ ቁጭ አለ። ሦስት ረድፍ ሠራና ጥልፉ 20 የነበረው 26 ሆነ። ፈቱት። ቀለሙን ግን እየመረጠች ቆየች፣ ደብተሩ ላይ የነዚያ ሦስት ሳምንታት ቀለሞች ተጽፈዋል፣ ካሬ የላቸውም።

ካልሲው

5ኛው ወር ላይ የደረሰው ነገር ስለ እጅ ሥራ ያለኝን ሐሳብ ለውጦታል። አንድ ወዳጅ በእጇ የሠራችው የሕፃን ካልሲ ሰጥታ ነበር፣ ባለ አበባ፣ በጣም ቆንጆ። አንድ ምሽት ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አጠቧት፣ ቀየሯት፣ አዘሏት፣ ለቅሶው አልተወም። እህቴ ሁሉንም ልብሷን ልታወልቅ ወሰነች። ካልሲውን ስታወልቅ ከትልቁ ጣት ቀጥላ ያለችው ጣት ቀልታ አብጣለች። ከካልሲው ውስጠኛ ክፍል የተረፈ ክር ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞባታል፣ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ለዓይን አይታይም፣ ጥፍሯን አሹልታ ነው ጫፉን ያገኘችው። ሲፈታ ነጩ መስመር ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ። ያንኑ ምሽት ለሐኪም አሳዩዋት፣ ደህና ነበረች።

የእናት ፀጉርም እንዲሁ ያደርጋል። ፈጥኖ ካልተፈታ ወይም መፈታቱ ካጠራጠረ አይጠበቅም፣ ወዲያው ወደ ሕክምና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ የምታለብሳትን ካልሲና ጓንት ሁሉ ገልብጣ ታያለች፣ ለልጅ የሚሠራ ማንኛውም ነገር ውስጡም እንደ ውጪው እንዲጠራ ትፈልጋለች። የአሻንጉሊት ዓይን ቁልፍ አታደርግም፣ በክር ትጠልፈዋለች፣ ቁልፍ ከተነቀለ የሚታነቁበት ነገር ነው። ኮፍያ ላይ ማሰሪያ ገመድ የለም። ብርድ ልብሱም ራሱ ልጅቷ አንድ ዓመት እስኪሞላት አልጋዋ ውስጥ አይገባም ተባለ፣ ጨቅላ የሚተኛበት አልጋ ላይ ልቅ የሆነ ጨርቅ ሊያፍነው ይችላል። ለልጁ ብሎ ለሠራ ሰው ይህን መስማት ያማል። ግን ሥራው ገና ስላላለቀ እህቴን ብዙም አልከበዳትም፣ «እስክጨርሰው እሷም ትደርሳለች» አለች።

ኮፍያዎቹ

6ኛው ወር ላይ ካሬዎቹን ያዩ ጓደኞቿ ኮፍያ እንድትሠራላቸው ጠየቋት። ሊከፍሏትም ፈለጉ። ሰባት ተቀበለች። የራስ ዙሪያ መጠን ሰንጠረዥ ጻፈች፤ ለአራስ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ለሦስት ወር 40 ገደማ፣ ለስድስት ወር 43፣ ለአንድ ዓመት 46፣ ኮፍያው ስለሚለጠጥ ከዚያ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይቀነስለታል። በሥራው ጎበዝ ነበረች። ችግሩ እዚያ አይደለም።

ደብተሩ ላይ አምስት ሳምንት ባዶ ነው። ካሬ የለም፣ ቀለም የለም። «የማክሰኞው»፣ «የሰማያዊው»፣ «ይቅርታ ጠይቂ» የሚሉ ቃላት ብቻ። ልጅቷ ከእንቅልፏ ስትነቃ እህቴን መጀመሪያ የሚሰማት ነገር ብስጭት መሆኑን አንድ ሌሊት ነገረችኝ፣ ስትነግረኝ አለቀሰች። ያው ኪሮሽ ነው፣ ያው ክር ነው፣ ያው ወንበር ነው። የተጨመረው የሰው ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ ያለው ሥራ ሲቋረጥ ይከፋዋል፣ አራስ ልጅ ደግሞ ሁሉን ያቋርጣል።

አራቱን ሠርታ ሦስቱን መለሰች። ጓደኞቿ አልተቀየሟትም፣ አንዷ ብቻ ትንሽ ቀዝቀዝ አለች። በዚያው ሳምንት ወደ አራት ረድፏ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ገንዘብ ለማግኘት ብለው ለሚሠሩ እናቶች ይህን እንደ ወቀሳ እንዳይወስዱት እፈልጋለሁ፣ የሚያስፈልጋት ሰው ያስፈልጋታል። ለእህቴ ግን የዳነችበት ነገር ዕዳ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚህ ውስጥ የክሩ ድርሻ ስንት ነው?

በ14ኛው ሳምንት መጠይቁን ስትደግመው 5 መጣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ «ዳንቴሉ!» አልኩ። እህቴ ናት ያረመችኝ። በነዚያ ሳምንታት የምክር ቀጠሮ ነበራት። ባለቤቷ የሌሊቱን አንዱን ክፍል ወስዶ ነበር፣ አምስት ሰዓት ያህል ሳትቋረጥ መተኛት ጀምራ ነበር። ልጅቷም ራሷ ሁለት ወር ጨምራለች። ይህን ሁሉ ትቼ ክሩን ብቻ ባመሰግን ሐሰት ይሆናል።

ክሩ ያደረገላትን ራሷ ስትናገር እንዲህ ትላለች፦ ማታ ላይ ቦርሳውን ከፍታ የዛሬውን አራት ረድፍ በጣቷ ትነካዋለች። ትናንት ያልነበረ ነው። ነገም አይፈርስም። ከዚህ በላይ አልጠየቀችውም።

ማቆሚያው

የመጨረሻው ካሬ ያለቀው በ15ኛው ወር ነው፣ ልጅቷ ስትራመድ። ስድስት በስምንት አድርጋ ወለሉ ላይ ስትደረድራቸው አንድ ነገር ታየ። ሁሉም 20 ጥልፍ፣ ሁሉም 24 ረድፍ ናቸው፣ ቆጥረናቸዋል፣ ግን እኩል አይደሉም። የ9ኛው ሳምንት ግራጫ ካሬ 10 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ነው፣ እንደ ካርቶን ደርቋል። ብርቱካናማዋ 13 ናት፣ በጥልፉ መሃል ብርሃን ያሳልፋል። የተጨነቀ እጅ ክሩን ጠበቅ አድርጎ ይስባል፣ የተዝናና እጅ ይለቃል፣ ይህን ማንኛዋም ዳንቴል የምትሠራ ሴት ታውቃለች፣ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ወለል ላይ ተዘርግቶ አይቼ አላውቅም ነበር። ቀኖቹን ከደብተሩ ጋር አስተያየን። ከሞላ ጎደል ይገጥማል። አንድ ደግ ነው ብላ የጻፈችው ሳምንት ግን ጠባብ ሆኖ ተገኘ። እህቴ ብዙ አየችውና «ለራሴም ዋሽቼ ነበር ማለት ነው» አለች።

እማዬ ውሃ ነክረን፣ በእስፒል ወጥረን እናስተካክላቸው አለች። ይቻላል፣ ጥጥ ይቀበላል። እህቴ እንቢ አለች። በጠባቦቹ ዙሪያ አንድ ሁለት ረድፍ እየጨመረች፣ ሁሉንም ወደ አንድ መጠን አምጥታ ገጣጠመቻቸው፣ ስለዚህ ጠባቦቹ ክፈፍ ያላቸው ናቸው፣ ሳይነገርህ ትለያቸዋለህ።

ከኋላው ገበር ያስፈልገው ነበር። የስፌት መኪናውን ክዳን ያን ቀን ነው ያነሳችው፣ ከ14 ወር በኋላ፣ ልጅቷን እኔ ይዣት። ከመሳቢያው ውስጥ በእስፒል የተያያዙትን ስድስት ቀሚሶች አወጣች። አንዱን ልጅቷ ላይ ለካችው፣ ትከሻዋ ላይ እንኳን አያልፍም። የአራቱን ጨርቅ ፈታ፣ አጋጥማ ገበር አደረገችው። ሁለቱ አሁንም ከነእስፒላቸው መሳቢያው ውስጥ ናቸው።